አዲስ ዴክ ልመርጥ የሄድኩ ዕለት

ስሜ አስቻለው ነው። ካርቱም የነበራችሁ ሐበሾች «ዲጄ አስቼ» ሲባል ታስታውሱኝ ይሆናል። ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት አርካዊት ወይም ካርቱም ሁለት ሰፈር ውስጥ ሠርግ ወይም መልስ ተጠርታችሁ ከነበረ፣ ጥግ ላይ ከዘፈን ማደባለቂያው፣ ከሚክሰሩ ኋላ ቆሞ፣ ሄድፎኑን በግራ ጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ አንገቱን አጣሞ የሚሠራው ቀጭን ሰው እኔ ነበርኩ።

የምነግራችሁ በአንድ ረቡዕ ስለገጠመኝ ነገር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። እስከዛሬ ግን እኔ ላይ አላለቀም።

መጀመሪያ ሰዒድን ላስተዋውቃችሁ። ሰዒድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ከእኔ በአምስት ዓመት ያንሳል። የተዋወቅነው አንድ ሠርግ መሃል መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ አልነሳ ባለ ጊዜ ነው። ሙሽሮቹ ጨለማ ውስጥ ቆመው፣ እኔ ላቤ ሲንጠፈጠፍ፣ ከእንግዶቹ መሃል አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ተነስቶ እጅጌውን ሰበሰበና አስነሳልን። ሸሚዙ በዘይት ተበላሸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ዓመት አብረን ሠራን። እሱ ሽቦውን፣ ስፒከሩን፣ ጄኔሬተሩን፤ እኔ ዘፈኑን። እኔ ስጾም እሱ ሥጋ ከፊቴ አይበላም ነበር፤ ዞር ብሎ ነው የሚበላው። ረመዳን ሲገባ እኔም እንደዚያው። ሉባባ የምትባል አንዲት እህት ነበረችው፤ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ አንድ ሱዳናዊ ቤት ትሠራለች። ደመወዟን የምትልከው ኮምቦልቻ ላለችው እናታቸው ነው። እኔን «ጋሼ» ነበር የምትለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን የሚክሰሬ የድምፅ መግፊያ በአቧራ ተይዞ አልንቀሳቀስ አለ። የካርቱምን አቧራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሰዒድ ወደሚያውቀው ጠጋኝ ወሰደውና በሦስተኛው ቀን ይዞት መጣ። መግፊያው እንደ ቅቤ ሆኗል። ሄድፎኑን ሰክቼ ግራ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ግን፣ እስከ መጨረሻው ከፍ ባደርገውም፣ ድምፁ ራቀብኝ። ጎረቤት ቤት የተከፈተ ሬድዮ ይመስላል።

ሥራውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዲጄ ማለት በአንድ ጆሮው አዳራሹ የሚሰማውን ዘፈን፣ በሌላው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚሰማ ሰው ነው። ቀጣዩን ገና ሰው ሳይሰማው በሄድፎን እየሰማ ምቱን ከመጀመሪያው ጋር ያገጣጥማል። ካላገጣጠመ ሁለቱ ዘፈኖች ይረጋገጣሉ፤ የሚጨፍረው ሰው እግሩ ይጠፋበታል። እኔ ቀጣዩን የምሰማው ሁልጊዜ በግራ ጆሮዬ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት በግራ ጆሮዬ ብቻ።

«ሰዒድ፣ ይሄ ነገር ደክሟል። ስማው እስቲ» አልኩት።

ሄድፎኑን አጠለቀው። ወዲያው ፊቱን አኮማተረና ከጆሮው ፈቀቅ አደረገው። ከዚያ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ።

«አዎ» አለ በመጨረሻ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፤ «ትንሽ ደክሟል።»

ያንን ዓይን መስበር በልቤ ያዝኩት። ሌላ ሄድፎን ገዛሁ፤ ያው ነው። ቀስ በቀስ ሰዒድ ጠባዩ ተለወጠብኝ። «አንተ ማይኩን ያዝ፣ ሰው አጫውት፤ ማገጣጠሙን እኔ ልሥራው» ይለኝ ጀመር። ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ይቆማል፤ ሰው ሲጠራኝ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ያዞረኛል። እኔ ግን ምን አልኩ? ሥራዬን ሊነጥቀኝ ነው አልኩ። የሚክሰሩን የውስጥ ዕቃ አስወልቆ ሸጦ የውሸት አስገብቶበታል፣ አሁን ደግሞ ቦታዬን ፈልጓል አልኩ። አንዴ እንዲህ ካሰብኩ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ።

የፈነዳሁት አንድ የመልስ ግብዣ ላይ ነው። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል። ሰዒድ «እኔ ልያዘው» ብሎ እጁን ወደ ሄድፎኑ ሲሰድ ገፈተርኩትና ቀጣዩን ዘፈን ራሴ አስገባሁት። ሁለቱ ዘፈኖች ተጋጩ። ሙሽሪት እግሯን አንስታ ቆመች። ሰው አፏጨ። ካርቱም ሁለት ሰፈር ምግብ ቤት ያላት፣ ድግሱንም የሠራችው እትዬ አበበች ሮጣ መጣችና «ምነው አስቼ፣ ምን ነካችሁ?» አለችኝ።

ማይኩ ክፍት ነበር።

«ይሄ ሌባ ነው!» አልኩ፤ «ላሠራልህ ብሎ ሚክሰሬን ወስዶ ሆዱን ሸጦ ቆርቆሮ ያመጣልኝ!»

በአራት ስፒከር ነው የወጣው። ሰዒድ በእጁ ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። ጠቅልሎ ጨረሰ፣ አሰረው፣ ስፒከሩ ላይ አስቀመጠው። ሊናገር አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። «ይሁን አስቼ» ብሎ ወጣ።

እኔ ግን በዚያ አላበቃሁም። ሳምንቱን ሙሉ የእትዬ አበበች ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አወራሁ።

ይኸው የነበርኩት ሰው። አሁን ወደ ረቡዕ ልውሰዳችሁ።

ከዚያ ነገር ዓመት ከሦስት ወር አልፏል። ሥራዬ እየተበላሸ ነው፤ ዘፈን ይጋጭብኛል፣ ሰው ያማርራል፣ እኔ ሚክሰሩን እረግማለሁ። በዚህ ላይ እትዬ አበበች ልጇን ልትድር ነው፤ እሑድ ምሳ ላይ። «አስቼ፣ በልጄ ቀን እንዳታዋርደኝ፤ ዕቃህን ቀይር» ብላ ለመነችኝ። ስለዚህ አሮጌውን ሚክሰርና ሁለቱን የሲዲ ማጫወቻዎች ጥዬ ሁሉንም በአንድ የያዘ ዲጂታል ዴክ ልገዛ ካርቱም ሁለት ወደ ዓሚ ባቢክር ሱቅ ሄድኩ።

ዓሚ ባቢክር ሽማግሌ ነው፤ «ዓሚ» አጎቴ እንደ ማለት ነው። በወጣትነቱ ሬድዮ ጠጋኝ ነበር፤ አሁን ጀለቢያውን ለብሶ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በዕቃ መሃል ይቀመጣል። ሳይቸኩል የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«ላፕቶፕ ላይ የሚሰካውን ነው ወይስ ራሱን የቻለውን?» አለኝ።

«ካህራባ ሲጠፋስ የትኛው ይሻላል?» አልኩት። መብራቱን ነው። ካርቱም ውስጥ ዕቃ ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

«ላፕቶፕ ላይ የሚሰካው ሽቦው ከላፕቶፑ ነው ኃይል የሚወስደው፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ አይሞትብህም። ስፒከሩ ግን ይሞታል፤ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ሳቀ። «ራሱን የቻለው ደግሞ ፍላሽህን ትሰካለህ፣ በቃ። ስክሪን አለው። የዘፈኑን ምት ሥዕል አድርጎ ያሳይሃል፤ የት ከፍ እንደሚል፣ የት እንደሚወድቅ። ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርገህ ታገጣጥማለህ።»

አየሁት። ሰፊ ስክሪን ላይ ሰማያዊና ቀይ ሞገድ ይሮጣል።

«ይሄ ለማይሰሙ ነው» አልኩት በንቀት፤ «እኔ በጆሮዬ ነው የምሠራው። ስክሪን የሌለውን አምጣልኝ።»

ዓሚ ባቢክር ትከሻውን ነቅንቆ መካከለኛውን አወረደ። ሁለት ክብ ማዞሪያ፣ መሃል ላይ መግፊያዎች፣ ከጎን የሄድፎን ቀዳዳ። ማዞሪያው ከበድ ያለ ነው፤ ወደድኩት። መግፊያው ላይ አቧራ መከላከያ ጎማ አለው፤ እሱንም ወደድኩት። ላፕቶፑ ላይ ሰካው፣ ዘፈን ከፈተ፣ ሄድፎኑን አቀበለኝ። እንደ ልማዴ ግራ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

ራቀ። ያው የጎረቤት ሬድዮ።

«ይሄ የሄድፎን መውጫው ደካማ ነው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ? አዲስ እኮ ነው።»

«ሥራዬ ነው፣ ዓሚ ባቢክር።»

ሁለተኛውን አወረደ። ከዋጋው ከፍ ያለ፣ በዱባይ በኩል የመጣ። ያው። ሦስተኛውን ከነካርቶኑ አመጣና ማሸጊያውን ከፊቴ ቀደደ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። የሆነ ነገር ይንሾካሾካል። በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ።

«ሁሉም የውሸት ናቸው!» አልኩ፤ «እናንተ ነጋዴዎች ሐበሻ ነው ብላችሁ ቆርቆሮ ትሸጡልናላችሁ!»

ሱቁ ውስጥ የነበረ አንድ ደንበኛ ዞር ብሎ አየኝ። ዓሚ ባቢክር አልተቆጣም። መነጽሩን አደረገ። ሄድፎኑን ከእጄ ወሰደና በራሱ ጆሮ ላይ ሊያደርገው ሲል ገና ሳይደርስ ራቅ አደረገው። ከሄድፎኑ የሚወጣው ድምፅ ደንበኛው ጋ ድረስ ይሰማል። ይህንን ከፊቱ አነበብኩ።

ድምፁን ቀነሰው። ከዚያ ከመቀመጫው ተነስቶ መጣና ሄድፎኑን አዙሮ፣ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አድርጎ፣ ሁለቱንም ጆሮዬ ላይ በቀስታ አጠለቀልኝ። ለልጁ ኮፍያ እንደሚያደርግ አባት።

ዘፈኑ በቀኝ ጆሮዬ ሞልቶ ገባ። ቤዙ፣ ከበሮው፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር።

«ትሰማለህ?» አለኝ በአፉ ቅርጽ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

ሄድፎኑን መልሶ አዞረው። አሁንም የምሰማው በቀኝ ብቻ ነው። ቀኙን በእጁ ከጆሮዬ አነሳልኝ፤ ግራው ላይ ብቻ ቀረ። ዝም። ደግሞ መለሰው። ደግሞ አነሳው። አራት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረገው፤ አራቱንም ጊዜ አስታውሳለሁ።

«ያ ወለዲ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ዕቃው ደህና ነው።»

ስለ ጆሮዬ ያዘንኩ ይመስላችኋል። ቢሆን ደስ ባለኝ። በዚያች ደቂቃ ጆሮዬ ትዝም አላለኝ። ፊቴ ድቅን ያለው ሰዒድ ነው። ሄድፎኑን ከጆሮው ፈቀቅ አድርጎ እኔን ሲያየኝ። «አዎ፣ ትንሽ ደክሟል» ሲል። ያኔ የሰበረው ዓይን የሌባ ዓይን አልነበረም። አዝኖልኝ ነው።

ዓሚ ባቢክር ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ ሰጠኝ። «ሐኪም አለ፣ አሳይሃለሁ» ይለኛል። እኔ ዕቃውን እንደተዘረገፈ ትቼ ወጣሁ።

የሰዒድ ስልክ ከዓመት በፊት ጀምሮ ዝግ ነው። የሉባባን ቁጥር ራሴ አጥፍቼዋለሁ። የማስታውሳት መንገድ አንድ ብቻ ናት፤ ከዓመታት በፊት ሰዒድ ለእህቱ ብርድ ልብስ ሲያደርስ አብሬው የሄድኩባት የአል-ጣኢፍ መንገድ። ሐፊላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ቀጥሎ በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ እዚያ ስደርስ ቀትር ሆኗል። ሁሉም ቤት ረጅም አጥርና የብረት በር አለው። ሁለት በር ተሳሳትኩ። በሦስተኛው አንዲት ወፍራም ሱዳናዊት እመቤት ራሷ ከፈተችልኝ።

«ሉባባን ፈልጌ ነበር፣ ኢትዮጵያዊቷን።»

«ሉባባ? ካሰናበትኳት ቆየ። ልጅቷስ ጥሩ ነበረች። ግን ወንድሟ ሐራሚ ነው አሉኝ።»

ሐራሚ ሌባ ማለት ነው። እኔ በአማርኛ የተናገርኩት ቃል ከተማውን አቋርጦ፣ ዓረብኛ ለብሶ፣ አል-ጣኢፍ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ማን አለሽ?» አልኳት።

«ሐበሾቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ ከየት አውቃለሁ? ከዚያ በኋላ ቁም ሣጥኔን መቆለፍ ጀመርኩ። ቆልፌ እየዋልኩ መኖር ሲሰለቸኝ ሂጂ አልኳት።» ፊቴን አይታ ነው መሰል፣ በር ላይ ካለው የሸክላ ጋን ቀዝቃዛ ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ። «ከመስጊዱ ኋላ ያለው አረንጓዴ በር ውስጥ ገብታለች ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

ውኃውን ጠጥቼ ወደ መስጊዱ ሄድኩ።

አረንጓዴውን በር ሳንኳኳ ሉባባ ከፈተች። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው። ከስታለች። ስታየኝ በሩን ልትዘጋው ገፋችው፤ እግሬን አስገባሁ።

«ሉባባ፣ እባክሽ። ሰዒድን ፈልጌ ነው።»

«ለምን? ሌላ የጠፋብህ ዕቃ አለ?»

«ይቅርታ ልጠይቀው ነው የመጣሁት።»

«እስካሁን የት ነበርክ?» ጋሼ አላለችኝም። «አንተ ሰውዬ፣ እስካሁን የት ነበርክ?»

«ሚክሰሩ ደህና ነበር» አልኳት። «ሉባባ፣ የደነቆረው ጆሮዬ ነው። ግራው አይሰማም። ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ትደነግጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምን?»

«ሰዒድ ነግሮኛል። ካዋረድከው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ያኔ በምሠራበት ቤት በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ‹ታዲያ ለምን አልተናገርክም? የደነቆርከው አንተ ነህ ለምን አላልከውም?› አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብናገር ነገ ማን ሠርግ ይጠራዋል? ደንቆሮ ዲጄ ማን ይቀጥራል? እኔ ጄኔሬተርም ጠግኜ እበላለሁ፤ አስቼ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም። ነገሩ ሲበርድ ለብቻው እነግረዋለሁ› አለኝ። ነገሩ መቼ በረደ? አንተ አላቆምክም። ጄኔሬተር የሚያሠሩት ሰዎች እንኳ ዕቃቸውን ትተውለት መሄድ ፈሩ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«የት ነው ያለው?»

ከውስጥ እመቤቷ ጠራቻት፤ «መጣሁ» ብላ በዓረብኛ መለሰች። ገብታ ስትመለስ ስልኳን ይዛለች። አጠገቤ ሳይሆን ፊት ለፊቴ፣ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«በምድረ በዳው ወጣ። ሊቢያ ገባ። ሰባት ወር ያህል እየደወለ፣ እየጠፋ፣ እየደወለ። ከዚያ ይሄን ላከልኝ። ከዚህ በኋላ ምንም የለም። አምስት ወር ሆነው።»

ስልኩን ሰጠችኝ። ሳላስበው ወደ ቀኝ ጆሮዬ ወሰድኩት። ሉባባ ይህንን አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

የሰዒድ ድምፅ ነው። ከኋላው ብዙ ሰው ይንጫጫል፤ ሕፃን ይስላል። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ ይኸው፦

«ሉቡዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትነሳላችሁ ብለውናል፣ ኢንሻአላህ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል አሉ። ለእማዬ አትንገሪያት፣ ከደረስኩ በኋላ ራሴ እደውልላታለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ። ... ደግሞ ሉቡ፣ አስቼን አንድ ቀን ካገኘሽው፣ ተጣልቻለሁ ብለሽ እንዳታልፊው። ግራ ጆሮውን ሐኪም ይየው በይው። ሄድፎኑን ወደ ቀኝ እንዳያዛውረው፤ ቀኙም ይሄድበታል። ዴክ ከቀየረም ስክሪን ያለውን ይምረጥ፤ ምቱን በዓይኑ እያየ ማገጣጠም ይችላል። እዚህ አንድ ልጅ ስልኩ ላይ አሳይቶኝ ገረመኝ፤ እሱን ነው ያሰብኩት። በጆሮዬ ነው የምሠራው ብሎ ድርቅ ይላል፣ ታውቂው የለ፤ ሰዒድ ነው ያለው በይው። ... በቃ፣ ስልኩን ሊወስዱ ነው። ደህና ሁኚ።»

ሳቅ ነበረው ድምፁ ውስጥ። «ድርቅ ይላል» ሲል ሳቀ።

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ቀና ስል ሉባባ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም ታለቅሳለች።

«አምስት ወር ያዝኩት» አለችኝ። «ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ አደራ ነው። ግን ሁለቱም ጆሮው ይደፈን ብዬ ያዝኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ። አስቼ፣ እንዲህ ብዬ ስለተመኘሁ ይሆን እንዴ ድምፁ የጠፋው?»

«አይደለም» አልኳት። «በፍጹም። እንዲህ ብለሽ እንዳታስቢ። ይሄ የእኔ ነው።»

ሁለታችን በዚያ አረንጓዴ በር ሥር ተቀምጠን ቆየን። እመቤቷ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ዓሚ ባቢክር ሱቅ ተመልሼ ሄድኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥሎ «ስክሪን ያለውን» አልኩት። ትናንት «ለማይሰሙ ነው» ያልኩትን። አውርዶ ጠረገውና ከፈተው። አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረኝ፤ ሁለቱን ሞገድ እንዴት ጎን ለጎን እንደማደርግ፣ ድምፁን ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ ላይ የሚያወጣው ቁልፍ የት እንዳለ። «ጥሩ ምርጫ ነው፤ ማን መከረህ?» አለኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ዓሚ ባቢክር የላከኝ ሐኪም ዘንድም ሄድኩ። ግራው አብቅቶለታል። ቀኙም መድከም ጀምሯል። «ከአራት አምስት ወር በፊት መጥተህ ቢሆን ቀኙን በደንብ እንጠብቀው ነበር» አለኝ። ይህንን ለሉባባ አልነገርኳትም፤ ይህን ካነበበች ዛሬ ትሰማዋለች። እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ቅዳሜ እትዬ አበበች ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኳትና እሑድ ሠርጉ ላይ ልናገር ፈቃድ ጠየቅሁ።

«በልጄ ቀን?» አለች ደረቷን ይዛ። «አስቼ፣ ሌላ ቀን ይሁን። ለየብቻ ንገራቸው፣ እኔም አግዝሃለሁ።»

«እትዬ፣ ሌባ ያልኩት በማይክ ነው።»

ሽንኩርት ከምትልጥበት ቀና ሳትል፣ «ምሳው ካለቀ በኋላ» አለች። «ኬኩ ሳይቆረስ።»

እሑድ ዕለት ሠራሁ። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ሠራሁ፤ አንድም ዘፈን አልተጋጨም። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይደናቀፍ ጨፈረ። ምሳው ሲያልቅ ዘፈኑን አጠፋሁና ማይኩን ያዝኩ።

«ከዓመት በፊት በማይክ ሰዒድን ሌባ ብዬዋለሁ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ሰዒድ ሌባ አይደለም። ምንም አልወሰደብኝም። ግራ ጆሮዬ ደንቁሮ ነው። እሱ ያውቅ ነበር፤ እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ብሎ ዝም አለ። እኔ አሰደድኩት። አሁን የት እንዳለ አይታወቅም።»

የሚያምር ነገር ተከሰተ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልተከሰተም። ማንኪያ ሲያርፍ ሰማሁ። ከወጣቶቹ አንዱ «ደንቆሮ ዲጄ!» ሲል ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አንድ ሰዒድ ዘንድ ጄኔሬተሩን ያሠራ የነበረ ሰው ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። በር ላይ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ሉባባ ቆማ ነበር። ከእመቤቷ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠይቃ መምጣቷን ኋላ ነው የሰማሁት። ጨርሼ ዞር ስል የለችም።

ሰዒድ የፈራልኝ ነገር እንደፈራው ሆነ። ከዚያ ሠርግ በኋላ የጠሩኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። በወራት ውስጥ ጦርነቱ ተነሳ። ዴኩን አርካዊት ያለችው ክፍሌ ውስጥ አልጋ ሥር ትቼ፣ የለበስኩትን ብቻ ይዤ በገዳሪፍ አድርጌ መተማ ገባሁ። አሁን ጎንደር አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። ሰው ሲያናግረኝ በቀኜ በኩል እንዲቆም እጠይቃለሁ። ሉባባ ፖርት ሱዳን ናት። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ እደውልላታለሁ። ቀይ መስቀል ዘንድ ስሙን አስመዝግበናል፤ ትሪፖሊና ቤንጋዚ ላሉ ልጆች ፎቶውን ልከናል። እስካሁን «አየሁት» ያለን የለም። ‹ሞተ› ያለንም የለም። እናቱ ዛሬም ይደውላል ብላ ስልኳን ትራስጌዋ ታደርጋለች፤ እኔን የልጇ ጓደኛ እያለች ትመርቀኛለች። እውነቱን ልነግራት ኮምቦልቻ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለት ጊዜ በሯ ላይ ቃል አጥቼ ተመልሻለሁ። ሦስተኛ የምሄደው ለመስቀል ነው።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። የጠረጠራችሁት ሰው ካለ፣ ጥርጣሬያችሁን ለሌላ ሰው ከመንገራችሁ በፊት አንድ ሰው ጠርታችሁ ራሳችሁን ፈትሹ። ሄድፎኑን ገልብጦ የሚያጠልቅላችሁ ሰው ፈልጉ። እኔ ይህንን ያገኘሁት ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ፣ ከአንድ ዕቃ ሻጭ ሽማግሌ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌባ ብዬ የነገርኳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየፈለግሁ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ካይሮ ያሉ አሉ፣ ጁባ ያሉ አሉ፣ አዲስ አበባ የገቡ አሉ። ያላገኘኋቸው ግን ይበዛሉ፤ ጦርነቱ በትኖናል። ያን የመልስ ግብዣ የታደማችሁ፣ ወይም ከታደመ ሰው የሰማችሁ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። ሰዒድ ሌባ አይደለም። ወሬውን የነገራችኋቸውን ሰዎች ታውቃላችሁና፣ እባካችሁ ለእነሱም ንገሩልኝ።